በረደኝ የማይባልበት ቤት

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ብርድን ያውቃል፤ ቤት ማሞቅን ግን አያውቅም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተሰቅላ፣ ሐምሌ ሲገባ እርጥበቱ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ የሌሊቱ ቁር አጥንት ይገባል፤ ሆኖም ቤቱን ላሙቀው ብሎ የተነሣ ሰው አላጋጠመኝም። እኛ የምናሞቀው ሰውን ነው። ጋቢ ይደረባል፤ ሻይ ይፈላል፤ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ መሐል ላይ ይቀመጥና እጅ ይዘረጋበታል፤ ጧት ጧት ደግሞ ሽማግሌውም ሕፃኑም ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። የቤቱ ማዕዘን፣ ጣሪያው፣ ማንም ያልተቀመጠበት የእንግዳ ክፍል በረደው አልበረደው ብሎ የሚጨነቅ የለም። ቤት ደግሞ እንደ ሰው ይበርደዋል እንዴ?

አሜሪካን አገር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ የሚሞቀው ቤቱ ነው፤ ሰው ውጭ በረዶ ተከምሮ ውስጥ በካናቴራ ይንጎራደዳል። ምድር ቤቱ ጥግ የቆመ፣ በጋዝ የሚነድ ትልቅ ማሞቂያ አለ፤ ትኩሱን አየር በግድግዳና በወለል ውስጥ ባለፈ የቆርቆሮ ቦይ እየገፋ በየክፍሉ ባለች ወንፊት መሰል ቀዳዳ እፍ ይለዋል። የሙቀት ወራት ሲመጣ በዚያው ቦይ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ይህን ሁሉ የምታዘው ታዲያ ኮሪደር ግድግዳ ላይ የተለጠፈች፣ የኪስ ዳዊት የምታህል ነጭ ሳጥን ናት። ስሟ ቴርሞስታት ነው። ያገራችን ሰዎች ግን በስሟ ሲጠሯት አልሰማሁም፤ «ሂቱን ጨምሪው»፣ «ኤሲውን ቀንሰው» ነው የሚሉት፤ ሎሌውን እየጠሩ ጌታውን እንደ መርሳት ያለ ነገር ነው።

ከዚህች ሳጥን ጋር የተዋወቅሁት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ዘንድ አራት ወር በተቀመጥሁበት ጊዜ ነው። ላይ እህቴ፣ ባሏና የሁለት ዓመት ተኩል ልጃቸው ይኖራሉ። እናታችንም እዚያው ናት፤ 73 ዓመቷ ሲሆን ሕፃኗን ለማሳደግ ከሄደች ሁለት ዓመት ሞልቷት ነበር። ምድር ቤቱን ሁለት ያገር ልጆች ተከራይተውታል። እኔን ጨምሮ ሰባት ነፍስ መሆኑ ነው፤ ቴርሞስታቷ ግን አንድ።

አሠራሯ እንደ ሥልጣኗ የረቀቀ አይደለም። ሁለት ዓይነት ብረት በሙቀት እኩል አይለጠጥም። አንዱን ከሌላው ጋር አጣብቀው ስስ ሰቅ ካደረጉት፣ አየሩ ሲሞቅ ወደ አንድ ወገን፣ ሲበርድ ወደ ሌላው ይታጠፋል። ጫፉ ላይ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ካበጁለት፣ በመታጠፉ ብቻ ማሞቂያውን ያበራል፤ በመቃናቱ ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣችው፣ ሄንሪ ድሬይፈስ መልኳን የቀረፀላት ክቧ የሃኒዌል ቴርሞስታት፣ ዛሬም ባሮጌ ቤቶች ግድግዳ ላይ የምትታየው፣ ለብዙ ዓመታት የኖረችው በዚህ ዘዴ ነበር፤ ከተጠመዘዘው ብረት ጫፍ ሜርኩሪ ያለባት የመስታወት ብልቃጥ ተቀምጣ፣ ብረቱ ሲያዘነብላት ሜርኩሪው ይንከባለልና ሽቦውን ከሽቦ ያገናኛል። የዛሬዎቹ ዲጂታል ሆነዋል፤ ብረቱንና ሜርኩሪውን አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ቅንጣት ተክታቸዋለች። ሐሳቡ ግን ያው ነው። የምትፈልገውን ቁጥር ትነግራታለህ፤ እሷ ደግሞ የክፍሉን አየር እየለካች፣ ሲጎድል ታስነሣለች፣ ሲሞላ ታስቆማለች።

የአጀማመሯን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ የገረመኝ የመምህሩ ነገር ነው። ዋረን ጆንሰን ይባላል፤ ዊስኮንሲን ውስጥ ኋይትዋተር በምትባል ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ ያስተምር ነበር። በዚያ ዘመን የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በየሰዓቱ ክፍል እየገባ ቴርሞሜትር ያነብና፣ ምድር ቤት ወርዶ የማሞቂያውን መዝጊያ ይከፍታል ወይም ይዘጋል። መምህሩ ትምህርቱ በተቋረጠበት ቁጥር ይበግናል። በመጨረሻ ክፍሉ ሲበርድ ወይም ሲሞቅ ምድር ቤት ላለው ሠራተኛ ደወል የሚደውል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1883 የፈጠራ መብቱን አገኘበት። እንግዲህ ይህች ሳጥን ከመነሻዋም ላይ ያለው ሰው ሲበርደው ታች ያለውን ለማዘዝ የተበጀች ናት። ታች ያለው ሰው በበኩሉ በረደኝ ለማለት የሚደውለው ደወል አልተሠራለትም።

የእህቴ ባል ከበረዶ ውስጥ እንደ ገባ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሳጥኗን 80 ላይ ያደርሳታል። ቁጥሩ በፋራናይት ነው፤ በእኛ 27 ግድም መሆኑ ነው። «ቶሎ እንዲሞቅ ነው» ይላል። ቶሎ ግን አይሞቅም። የዚያ ቤት ማሞቂያ የሚያውቀው አንድ ዓይነት መንደድ ብቻ ነው፤ ወይ ይነዳል፣ ወይ ይጠፋል። 70 ብትለውም 80 ብትለውም እስከ 70 ያለውን መንገድ በዚያው ፍጥነት ነው የሚጓዘው፤ ልዩነቱ 80 ያልከው እንደ ሆነ 70 ላይ አለመቆሙ ነው። ሰውየው ታዲያ አኩርፎ ገብቶ፣ ራት በልቶ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ «ይኼ ቤት ደግሞ ያቃጥላል» እያለ መስኮት ይከፍታል።

አልፈርድበትም። የምድጃ ልጅ ነው። የእኛ እሳት ሁሉ ብዙ ከሰል ሲጨምሩበት ይበረታል፤ የቡታጋዙ ክር ከፍ ሲል ነበልባሉ ያድጋል። አሜሪካኖቹስ ቢሆኑ? ዊሌት ኬምፕተን የተባለ አጥኚ ሰዎችን ቤታቸው እያነጋገረ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ ብዙዎቹ ቴርሞስታትን እንደ ውኃ ቧንቧ መክፈቻ፣ ወይም እንደ መኪና ነዳጅ መስጫ፣ አብዝተው ሲያዞሩት አብዝቶ የሚሰጥ አድርገው እንደሚያስቡ አሳይቷል። አብረዋት ያደጉትም አላወቋትም ማለት ነው።

ሌላው የቤቱ ክርክር የሌሊቱ ነው። እህቴ ስትተኛ ትቀንሳለች፤ ባሏ «ጧት እንደገና ለማሞቅ የሚፈጀው ይበልጣል» ብሎ ይሞግታል። እዚህ ላይ እህቴ ትክክል ናት። ቤት ሙቀት የሚያፈሰው በውስጡና በውጩ መካከል ባለው ልዩነት መጠን ነው፤ ውስጡ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር የሚፈሰው ያንሳል፤ ጧት የምትከፍለው ሌሊቱን ካዳንከው አይበልጥም። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት በቀን ለ8 ሰዓት ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት ዝቅ የሚያደርግ ሰው ከዓመቱ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ወጪ እስከ 10 በመቶ ሊቆጥብ እንደሚችል ይመክራል። በጋዝ ሳይሆን ሂት ፓምፕ በሚባለው የሚሞቅ ቤት ሒሳቡ ትንሽ ይለያል፤ ጧት ጧት ብዙ ዲግሪ ባንዴ ሲጠየቅ ውድ የሆነው የኤሌክትሪክ ረዳቱ ሊነሣ ይችላልና።

በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል እናቴ አንድ ቀን አስተያየት ስትሰጥ አልሰማኋትም። እህቴ 67፣ ባሏ 72፣ ምድር ቤት ያሉት ልጆች በስልክ መልእክት «እትዬ፣ እባክሽ ትንሽ ጨምሪልን» ይላሉ። እናቴ ቁጥር የላትም። ስትጠየቅ «ለእኔ ሁሉም ደኅና ነው» ነው መልሷ።

ታኅሣሥ ውስጥ አብዛኛውን አሜሪካ የመታው ያ ታላቅ ብርድ ከመግባቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ጉንፋን ይዞኝ ቤት ዋልሁ። እስከዚያ ድረስ ጧት ከእህቴ ጋር ወጥቼ ማታ ነበር የምመለሰው። 2 ሰዓት ላይ፣ እነሱ ወጥተው ብዙም ሳይቆይ፣ በወለሉ ቀዳዳ የሚመጣው እፍታ ቀጥ አለ። 4 ሰዓት ሲሆን አፍንጫዬ ቀዘቀዘ። 5 ሰዓት ላይ ከብርድ ልብሱ ወጥቼ ወደ ማድ ቤት ሄድሁ። እናቴ በሹራብ ላይ ጋቢ ደርባ፣ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ፣ የዳቦ መጋገሪያውን ምድጃ በር ከፍታ አጠገቡ ተቀምጣለች። ሕፃኗ የውጭ ጃኬቷንና የሱፍ ቆቧን እንዳደረገች ጭኗ ላይ ተኝታለች።

«ምነው እማዬ፣ ሂቱ ተበላሸ እንዴ?»

«ምን ይበላሻል። ሁልጊዜም እንዲህ ነው።»

«እንዴት ሁልጊዜ?»

«ጧት እነሱ ሳሉ ይሞቃል። ሲወጡ ይተወዋል። ማታ ሊመጡ ሲሉ ደግሞ ይነሣል። ቤቱ እኮ ጌቶቹን ያውቃል፣ ልጄ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እናቴ ግን የተናገረችው ሁለት ዓመት ያየችውን ነው። ኮሪደሩ ሄጄ ሳጥኗን አየኋት፤ 62 ትላለች፤ 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ማለት ነው። ቁልፏን እየነካካሁ ውስጧን ስመረምር ፕሮግራም የሚሉት ወጣ። በአራት የተከፈለ ቀን አለው፤ መነሻ፣ መውጫ፣ መመለሻ፣ መኝታ። ከንጋቱ 12 ሰዓት 70፤ ከጧቱ 2 ሰዓት 62፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት 70፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት 62። ይህን ቀን የጻፈው ከቤቱ ሰዎች አንዱም አይደለም። ሳጥኗ ከፋብሪካ ስትወጣ ይዛው የመጣችው ነው። እህቴና ባሏ ቤቱን ሲገዙ ግድግዳው ላይ አገኟት፤ ቁጥሯን ሽቅብና ቁልቁል ከመጫን አልፈው ውስጧን አልከፈቱም፤ እነሱ በጊዜው የሚጫኑት ቁጥር እስከ ቀጣዩ ሰዓት ያገለግልና ፕሮግራሙ መልሶ ሥልጣኑን ይረከባል። ቅዳሜና እሁድ ሁሉም ቤት ስለሚውሉና ሲበርዳቸው ስለሚጫኗት አልነቁበትም።

ያ የፋብሪካ ቀን የተሰፋው ለአንድ ዓይነት ቤተሰብ ነው። ባልና ሚስት ጧት ወጥተው ማታ የሚገቡ፣ ሕፃን ካለም መዋያ የሚያደርሱ፣ ቀን ቤታቸው ባዶ የሆነ። ለዚያ ቤተሰብ ብልህ አሠራር ነው፤ ለባዶ ግድግዳ ጋዝ ምን ያነድዳል? ያበሻ ቤት ግን ቀን ባዶ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ በየቤቱ ከአገር ቤት የመጣች አንዲት እናት አለች፤ መኪና አትነዳም፣ ቋንቋው አልገባላትም፤ ሕፃን አዝላ ከማድ ቤት ሳሎን ስትል ትውላለች። ወጪውን ለመዋያ የከፈሉት እንደ ሆነ ስንት እንደሚፈጅ ልጆቿ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ግድግዳው ላይ ያለችው ሳጥን ግን ሰው ብላ አልቆጠረቻትም።

«17 ዲግሪ እኮ ያዲስ አበባ አየር ነው፣ ይህን ያህል ምን ያስለቅሳል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፣ የከተማችን አማካይ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ 4 ሰዓት ላይ የሚበርደው ሰው በር ከፍቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ጎረቤት ይሄዳል፤ ይንቀሳቀሳል። በር ተዘግቶ፣ መስኮት ታሽጎ፣ ከጥላ ጥላ ተቀምጦ 10 ሰዓት መዋል ሌላ ነገር ነው። ዕድሜም አለ። የአሜሪካ የዕድሜ መግፋት ጥናት ኢንስቲትዩት ከ60 እስከ 65 ፋራናይት ባለው፣ ለወጣት ቀዝቀዝ ያለ ብቻ በሚመስለው ቤት ውስጥ፣ አረጋውያን የሰውነታቸው ሙቀት ለአደጋ እስኪያጋልጣቸው ሊወርድ እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ ቢያንስ 68 አድርጉት ይላል። የእናቴ 62 ከዚህ አደገኛ ወሰን ውስጥ ነበረች።

ማታ ለእህቴ ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። ራሷ ሳጥኗን ከፍታ አየች። ከዚያ እናቴ ፊት ሄዳ ቆመች።

«እማዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በርዶሽ ነበር?»

«ኧረ ምን በርዶኝ! ጋቢዬ አለ አይደል እንዴ።»

«በረደኝ አትይም ታዲያ? የልጅሽ ቤት አይደለም?»

«ቢሉ በመጣ ቁጥር ፊትሽ ሲለዋወጥ አያለሁ» አለች እናቴ፣ የሕፃኗን ካልሲ እያጣጠፈች። «ደግሞ የሰው ዕቃ መነካካት ምን ይባላል?»

እህቴ «የሰው ዕቃ» የምትለዋ ቃል ነበረች የጎዳቻት። እኔ ግን እናቴን ከዚያ በፊትም አውቃታለሁ። በሰው ቤት ውኃ ጠምቷት ሳትጠይቅ የምትመለስ ሴት ናት። በእኛ አገር እንግዳ በረደኝ አይልም፤ ባለቤቱ አይቶ «ጋቢ ልደርብልዎ?» ይለዋል። ብርድ የሚታየው በዓይን ነው፤ ሰው ሲኮማተር፣ እጁን ብብቱ ሲከት። ይሉኝታ የሚሠራው የሚያይ ዓይን ካለ ነው። ጧት 2 ሰዓት ወጥቶ ምሽት 12 ሰዓት በሚገባ ቤተሰብ ውስጥ ግን የሚያይ የለም፤ ማየቱ ለሳጥኗ ተሰጥቷል፤ ሳጥኗ ደግሞ የምታየው አየሩን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ቁጥር ገለልተኛ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሁልጊዜ የሆነ ሰው ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ በሚባለው መጽሔት ኪንግማ እና ቫን ማርከን ሊክተንቤልት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ የቢሮዎች ሙቀት የሚወሰንበት ቀመር በ1960ዎቹ ሲዘጋጅ በልኩ የተሰፋው ለአንድ 70 ኪሎ ለሚመዝን፣ 40 ዓመት ለሆነው ወንድ ነበር። ሴቶቹ በሐምሌ ሙቀት ቢሮ ውስጥ ሹራብ የሚደርቡት ወደው አይደለም። ቁጥሩ የመንግሥት ጉዳይ የሆነበትም ጊዜ ነበር። በነዳጁ ችግር ዘመን ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ሕዝቡ ቤቱን ወደ 68 ዝቅ እንዲያደርግ ጠየቁ፤ ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በየካቲት 1977 ሹራብ ለብሰው በቴሌቪዥን ቀርበው ቀን 65፣ ሌሊት 55 አድርጉ አሉ። ሹራቡ ብዙ ተሣቀበት። እኔን ግን ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ ሰውየው ሲለብስ ታይቷል።

ምድር ቤት ያሉትን ልጆች ነገር ችላ ብዬ ማለፍ አልችልም፤ እህቴም ታነበዋለችና ትቆጣኝ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ላይ 70 ሲሞላ ታች ገና 64 ነው፤ ሳጥኗ ግን የምትለካው ላይ ያለውን ነውና ማሞቂያውን ታስቆመዋለች። ማሞቂያው ራሱ የቆመው ከልጆቹ አልጋ በስተጀርባ ነው፤ ሲነሣም ሲተኛም ይሰሙታል፤ ማዘዣው ግን ከደረጃው በላይ ነው። ኒውዮርክ ከተማ ለተከራይ ሕግ አለው፤ ከጥቅምት 1 እስከ ግንቦት 31 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ቀን ውጭው ከ55 በታች ሲወርድ ውስጡ ከ68፣ ሌሊት ደግሞ ምንጊዜም ከ62 እንዳያንስ አከራዩ ይገደዳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ግን እኔ ያየሁት «እባክሽ እትዬ» የሚለውን ልመና ነው። እህቴ በመጨረሻ አንዲት የኤሌክትሪክ ሂተር ገዛችላቸው። መብራቱን የምትከፍለው ራሷ ስለሆነች ለጋስ ነች ማለት ይቻላል፤ ልጆቹ ግን ሂተሯን የሚያበሩት ከተጨነቁ ብቻ ነው።

ፕሮግራሙን በዚያው ምሽት ቀየርነው፤ ቀኑን ሙሉ 71፣ ሌሊት 66። በነጋታው 5 ሰዓት ላይ ከመኝታ ክፍል ስወጣ እናቴ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ከሕፃኗ ጋር ኳስ ስታንከባልል አገኘኋት፤ የመጋገሪያው ምድጃ ተዘግቷል።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ሰሞን እናቴ ቁልፎቹን አሳየኝ አለችኝና አሳየኋት። ሁለት ቀስት ናቸው። በራሷ እጅ ጽሑፍ «ላይኛው ሙቀት፣ ታችኛው ብርድ» የሚል ወረቀት ጽፋ ከሳጥኗ ሥር ለጠፈች። እህቴ ከሥራ ስትገባ አየችውና ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ሳትጠይቂ ተጫኚው» ብላ ጨመረችበት። ወረቀቱ ዛሬም እዚያው አለ። እናቴ ግን ከመጫኗ በፊት አሁንም እህቴ ሥራ ቦታ ትደውላለች።